የአማቷ ቁም ሳጥን

መልእክቱ የደረሳት ሰኞ ጠዋት፣ የጥርስ ብሩሹ አፏ ውስጥ እንዳለ ነበር። የላከችው የአሳታሚ ድርጅቱ አርታኢ ናት፤ እጅግ ጨዋ ሴት፣ ሰው ብትገድል እንኳ መጀመሪያ ይቅርታ ጠይቃ ነው የምትገድለው።

«ድምፅዎ ግሩም ነው» ይላል ጅማሬው። «ነገር ግን የላኩልን ናሙና ባዶ የውሃ ታንከር ውስጥ የተቀረጸ ይመስላል። በተጨማሪም አራተኛው ደቂቃ ላይ፣ መርከበኛው ልጁን በሚሰናበትበት ልብ የሚነካ ቦታ፣ አንዲት እናት ‹ጨዉን ማን ጨረሰው?› ሲሉ ይሰማል። በሦስት ሳምንት ውስጥ ጸጥ ያለ ክፍል አዘጋጅተው ናሙናውን ደግመው እንዲልኩልን በአክብሮት እንጠይቃለን። ያለበለዚያ መጽሐፉን ለሌላ አንባቢ ለመስጠት እንገደዳለን።»

ጆሮ አረፋውን ተፋችና መልእክቱን ደግማ አነበበችው። ጆሮ የሚለውን ስም ያወጡላት፣ አሥራ አራት ዓመት በድምፅ ቴክኒሻንነት የሠራችበት የሬዲዮ ጣቢያ ባልደረቦቿ ናቸው። ሦስት ክፍል አልፎ የሚንጠባጠብ ቧንቧ ትሰማለች። ዜና አንባቢው ቁርስ ይብላ አይብላ ከትንፋሹ ታውቅ ነበር። ጣቢያው ሲዘጋ ወንበሩም ሚክሰሩም ገዢ አገኘ፤ እሷን ግን ዞር ብሎ ያያት የለም። ስለዚህ ቤቷ ቁጭ ብላ መጽሐፍ እያነበበች ልትቀርጽ ወሰነች። ማይክሮፎን አላት፣ ማዳመጫ አላት፣ ኮምፒውተር አላት። ድምፅም ሰጥቷታል። የሌላት ጸጥታ ብቻ ነው።

ጸጥታውን የነሷት ደግሞ አማቷ ናቸው። ኩሽና ገብታ አገኘቻቸው።

«እማማ፣ መጽሐፍ ውስጥ ገብተዋል።»

«ምን ብዬ?»

«ጨዉን ማን ጨረሰው ብለው።»

«ታዲያ ማን ጨረሰው?» አሉ አማቷ። ጉዳዩ በእሳቸው በኩል ገና እልባት አላገኘም ነበር።

ባሏ ወሬውን ሲሰማ ከወንበሩ ብድግ አለ። የጂኦሜትሪ መምህር ነው፤ ቤትም መንደርም የሚጠራው መምህሩ እያለ ነው። «ስቱዲዮ እንሠራለን!» አለ፤ ዓይኑ በራ። ጆሮ ግን ልቧ ዝቅ አለ። ባሏ ከመሥራት ይልቅ መንደፍ ይወዳል። የመታጠቢያ ቤቱ መደርደሪያ ንድፉ ካለቀ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ መደርደሪያው ግን እስካሁን አልተወለደም።

ለስቱዲዮ የሚሆን ቦታ አንድ ብቻ ነበር፦ ከቤቱ ጀርባ ያለችው ዕቃ ቤት። ማክሰኞ ሙሉ ቀን ሰንካላ ብስክሌት፣ የደረቀ የቀለም ቆርቆሮና ማንም ያልሰፋውን የተቀደደ ድንኳን ሲያወጡ ዋሉ። ባዶ ስትሆን መምህሩ ሜትሩን ዘረጋ። ርዝመቷ ሦስት ሜትር። ወርዷ ሦስት ሜትር። ከፍታዋ ሦስት ሜትር ሊሞላ ሁለት ጣት የጎደለው።

«ኪዩብ!» አለ፣ ወንድ ልጅ ተወለደልህ እንደተባለ ሰው። «አሥር ዓመት ሙሉ ኪዩብ ቤታችን ውስጥ አለ፣ እኔ አላውቅም!»

ጆሮ መሀል ላይ ቆማ አንዴ አጨበጨበች። ክፍሉ «ጥዋንንንግ» ብሎ መለሰላት፤ ድስት በማንኪያ የመቱ ያህል።

«ይሄ እኮ ለድምፅ መከራ ነው» አለችው። «ሦስቱም ጎን እኩል ሲሆን ክፍሉ አንድ ዓይነት ድምፅ እየመረጠ ያጎላል። ሌላው ቃሌ ሁሉ ሾልኮ ይሄድና ወፍራም ወፍራሙን ብቻ ይዞ ያጉረመርማል።»

«ግን ውበቱን አየሽ?»

«ውበቱን አንተ ተኛበት።»

ከዚያ በኋላ የመጣው ሳምንት በእሷ አነጋገር «የካርቶን ዘመን» ነበር። መምህሩ ጠረጴዛውንም፣ ወንበሩንም፣ ማይክሮፎኑንም፣ ሚስቱንም በአንድ አሥረኛ ልክ ከካርቶን ቆርጦ በምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ኮቱን ሳያወልቅ ያንን የካርቶን ሚስቱን ከጥግ ጥግ ያንፏቅቃል። እያንዳንዱን ንድፍ በቁጥር መዝግቦ ፈረመበት። ቤተሰቡ ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መብላት ጀመረ። አንድ ቀን ማታ ራት ላይ ትልቅ ጩኸት ተነሣ።

«ጠረጴዛው የለም! ማን ነው ጠረጴዛውን ያነሣው?»

አማቷ አፋቸውን በእጃቸው ጋርደው ጥርሳቸውን ይጎረጉሩ ነበር።

«እማዬ፣ በምንድን ነው የምትጎረጉሪው?»

አማቷ የያዙትን ቁራጭ ወደ መብራት ጠጋ አድርገው አዩት። «ለዚህ ቢሆን ጥሩ ጠረጴዛ ነው» አሉ።

ንድፍ ቁጥር አራት ጆሮን ከክፍሉ ጥግ አስቀምጦ ፊቷን ወደ መሀል ያዞራል። ጥግማ ወፍራም ድምፅ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ነው ብላ ጣለችው። ቁጥር ሰባት በትክክል መሀል ላይ አደረጋት፤ ከአራቱም ግድግዳ እኩል ርቀት፣ መምህሩ በኩራት አፍጥጦ ቆመ። መሀሉማ ከሁሉም የባሰ ነው፣ ከየአቅጣጫው የተመለሰ ድምፅ እዚያው ይጋጭና ቃሌን ባዶ ያደርገዋል አለችው። ቁጥር ዘጠኝ ወደ መስኮቱ አስጠጋት። ከመስኮቱ ማዶ አውቶቡስ ማቆሚያ አለ፤ ሹፌሩም ጥሩንባውን እንደ እጅ ሰላምታ የሚጠቀምበት ሰው ነው።

«ታዲያ የት ነው የምትቀመጪው?» አለ መምህሩ፤ ትዕግሥቱ አልቆ።

«በሜትር አይገኝም። በጆሮ ነው የሚገኘው።»

«ሜትር ያላገኘውን ጆሮ ያገኛል?»

«አንተ እኔን ያገኘኸው በሜትር ነው?»

መምህሩ ካርቶኑን ሰብስቦ ተኛ።

በማግስቱ ቤት ውስጥ ያለውን ብርድ ልብስ ሁሉ ሰብስባ የዕቃ ቤቷ ግድግዳ ላይ በምስማር መታች። አጨበጨበች። «ጥዋንግ» የነበረው «ጥዉም» ሆነ። የሚሰነጥቀው ቀጭን ድምፅ ጠፍቷል፤ ጉርምርምታው ግን እንዳለ ነው። ብርድ ልብስ ቀጭኑን ይበላል፣ ወፍራሙን ለመብላት ግን ራሱም ወፍራም የሆነ ነገር ያስፈልጋል። ያንን ከየት ታምጣ? ቀነ ገደቡ ሊደርስ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል፤ ቤተሰቡም ያለ ብርድ ልብስ ማደር ሊጀምር ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ቤቱ ባዶ በሆነበት ሰዓት፣ የእጅ መቅረጫዋን ይዛ ቤቱን መዞር ጀመረች። መታጠቢያ ቤቱ እንደ ዋሻ አስተጋባ። ሳሎኑ የማቀዝቀዣው እንጉርጉሮ አለበት። አልጋ ሥር ገብታ ሞከረች፤ ጸጥታው መልካም ነበር፣ አቧራው ግን ገና ሁለት መስመር ሳታነብ አሳላት። የአማቷን መኝታ ቤት ስትከፍት ግን ጆሮዋ ቆመ።

ቁም ሳጥኑ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ይዞ ተገትሯል። ባለ ሦስት በር፣ ድፍን እንጨት፣ በመካከለኛው በር ላይ ሙሉ ቁመት የሚያሳይ መስታወት ያለው። አማቷ ከወጣትነታቸው ጀምሮ የገዙትን አንድም ልብስ ጥለው አያውቁም፤ አርባ ዓመት ሙሉ ካፖርት በካፖርት፣ ሹራብ በሹራብ ላይ ሲጨመር ኖሯል። በሩን ከፍታ አንገቷን አስገባችና አጨበጨበች። ጭብጨባው «ጭብ» ብሎ እዚያው ሞተ። ደግማ አጨበጨበች። ሞተ። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምታ አታውቅም፤ ሬዲዮ ጣቢያው ውስጥ እንኳ።

አላመነታችም። የጫማ ካርቶኖቹ ላይ ተቀመጠች፣ በሩን ወደ ራሷ ሳበች፣ መቅረጫውን አበራችና በስልኳ ብርሃን የመርከበኛውን ታሪክ ማንበብ ጀመረች። አንድ ገጽ እንዳነበበች የውጭው በር ተከፈተ። ለመውጣት ስታስብ የክፍሉ በርም ተከፈተ። አማቷ ከጎረቤት ተመልሰዋል።

አሁን ብወጣ ምን እላለሁ ብላ ስታስብ፣ አማቷ በቀጥታ መጥተው መስታወቱ ፊት ቆሙ። በሁለቱ ሴቶች መካከል ያለው አንድ የእንጨት በር ብቻ ነው። አማቷ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

«እህቴ» አሉ መስታወቱን። «እንደምን ሰነበትሽ? እነሆ ዘጠኝ ዓመት ሆነን። ሁለታችንም አርጅተናል። አንቺ ደግሞ ይባስ ብለሽ፣ ታናሽ ሆነሽ ታላቅ መስለሻል አሉ፣ ያ አፍሽ ፊትሽን በልቶት… አይ። ይሄ አይሆንም። እንደገና።»

ጆሮ ትንፋሿን ዋጠች። የአማቷ ታናሽ እህት በዚያው ከተማ፣ በአውቶቡስ አርባ ደቂቃ ርቀት ላይ ይኖራሉ፤ ከጆሮና ከመምህሩ ሠርግ ወዲህ ግን እግራቸው ይህን ቤት ረግጦ አያውቅም። ጆሮ ነገሩ የውርስ ጠብ ይመስላት ነበር።

«እህቴ፣ ናፍቀሽኛል» ቀጠሉ አማቷ። «ከአንቺ በቀር የእናቴ ልጅ የለኝም። ታዲያ የእናቴ ልጅ የሆነች ሰው፣ በልጄ ሠርግ፣ ያን ሁሉ ሰው ፊት፣ የከፋይ ጨርቅ ቀሚሴን መጋረጃ ትላለች? መጋረጃ! አንቺስ የዚያን ቀን የለበስሽው የሶፋ ጨርቅ አልነበረም? ሰው እንዳይቀመጥብሽ ፈርቼ ስጠብቅሽ አልዋልኩም?» እግራቸውን መሬት ላይ ጠበጠቡ። «አሁንም ተበላሸ። ምን ዓይነት አፍ ነው የሰጠኸኝ አንተ ጌታ!»

በዚህ ዓይነት ስድስት ጊዜ ጀመሩ፣ ስድስት ጊዜም ተሳደቡ። በሰባተኛው ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«እህቴ፣ ጉልበቴን ያመኛል። ማታ መብራት ሲጠፋ ትዝ ትይኛለሽ። ልጆች ሆነን ጨለማ ትፈሪ ነበር፣ እኔ እጅሽን ይዤ እስክትተኚ እቆጥርልሽ ነበር። አንዳንዴ ሺህ እደርሳለሁ። አሁን ማን ይቆጥርልሻል?»

ጆሮ ዓይኗ እንባ አዘለ። ችግሩ አፍንጫዋም አብሮ መሥራት መጀመሩ ነው። አማቷ ብል እንዳይበላባቸው በየኪሱ የጨመሩት የናፍታሊን ኳስ ጥንካሬው ለአንድ የጦር ካምፕ ይበቃል። አፍንጫዋን ያዘች፣ ምላሷን ነከሰች፣ ስለ መርከበኛው አሰበች። ምንም አልጠቀመም። ቁም ሳጥኑ እስኪነቃነቅ አነጠሰች።

በሩ ተበረገደ። አማቷ ነጠላ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

«ሌባ!»

ሦስት ጊዜ መቷት። ሦስተኛውን የመቷት ማን መሆኗን በደንብ ካዩ በኋላ ነው።

«ልብሴ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ አንቺ?»

«ጸጥታ ፍለጋ ነው እማማ» አለች ጆሮ፤ የአንድ ካፖርት እጅጌ ትከሻዋ ላይ ተጠምጥሞ።

«ሰማሽ?»

«ኧረ አልሰማሁም።»

«ጆሮ ብለው እኮ ነው የሚጠሩሽ።»

«እ… ትንሽ፣ ጫፍ ጫፉን።»

የአማቷ ዓይን እጇ ላይ አረፈ። «ያቺ ቀይ መብራት ምንድን ናት?»

ጆሮ መዋሸት ፈለገች፤ አንደበቷ ግን እንቢ አላት። «እየቀረጸ ነው።»

አማቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «አጥፊው» አሉ። «አሁኑኑ። እኔ ፊት።» ጆሮ አውራ ጣቷን ወደ ቁልፉ ስትዘረጋ ግን እጃቸውን አነሡ። «ቆይ። መጀመሪያ አሰሚኝ።»

ማዳመጫውን አጠለቀችላቸው። አማቷ ስምንት ደቂቃ ሙሉ ሳይንቀሳቀሱ አዳመጡ፤ ስምንት ደቂቃ ዝም ማለታቸው ራሱ ለቤቱ ታሪክ ነው። ሲያበቃ ማዳመጫውን ቀስ ብለው አወለቁ።

«ይቺ የምትንጨረጨረው እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ እሰማ ነበር። አንቺ ስታነቢ ሲያስልሽ ሳሉን ቆርጠሽ ስትጥይ አይቻለሁ። ስድብስ ይቆረጣል?»

«ይቆረጣል።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። ግን ብዙ አይቀርም።»

«የቀረው ይቅር። ቁረጪ።»

ጆሮ ኮምፒውተሯን አምጥታ እዚያው አልጋ ላይ መሥራት ጀመረች። አማቷ በትከሻዋ ላይ ተንጠልጥለው «እሷን ተያት፣ እሷ ስድብ አይደለችም፣ ምክር ናት» እያሉ ይሟገታሉ። አንዱን ቃል ከሌላው እየቀጠለች፣ ንግግሩ እንዳይሰበር ትንፋሹን እያመቻቸች ጨረሰችው። ከስምንት ደቂቃው አርባ አንድ ሰከንድ ተረፈ። አጫወተችላቸው። ከማሽኑ ውስጥ አንዲት ለስላሳ፣ የተረጋጉ አሮጊት እህታቸውን መናፈቃቸውን ተናገሩ።

«ለካ ጥሩ ሰው ነኝ» አሉ አማቷ። «አርባ አንድ ሰከንድ ያህል።»

ቅጂው በጆሮ ስልክ ወደ ታናሽየዋ ተላከ። አማቷም የሰው ውለታ የማይረሱ ናቸውና እንደ ንጉሥ ፈረዱ፦ ቁም ሳጥኑ ከነልብሱ ወደ ዕቃ ቤቱ ይሂድ። ነገር ግን ሁልጊዜ ጠዋት ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ገብተው ልብሳቸውን ይመርጣሉ፤ በዚያ ሰዓት መርከበኛውም ሆነ ሌላ ሰው አይነበብም።

መምህሩ ይህን ሲሰማ ንድፍ ቁጥር አሥራ አምስትን በደስታ ጀመረ። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ጎረቤት ጠርተው ቁም ሳጥኑን ተሸክመው እያቃሰቱ ኮሪደሩን አቋረጡ፤ የዕቃ ቤቱ በር ጋ ሲደርሱ ቁም ሳጥኑ ተቀረቀረ። በቁሙ ሞከሩት፣ በጎኑ ሞከሩት፣ በራሱ ላይ ተከሉት። በሩ በአራት ጣት ጠቧል። ሁሉም ወደ መምህሩ ዞሩ። የክፍሉን እያንዳንዷን ማዕዘን በሚሊሜትር ለክቷል፤ በሩን ግን አልለካውም።

«በሩ የንድፉ አካል አይደለም» አለ፤ ላቡን እየጠረገ።

«በግድግዳው ነበር እንድንገባ ያሰብከው?» አለችው ሚስቱ።

ፈቱት። ብሎኑ የዛገ፣ ማጠፊያው የተጣበቀ፣ ጀርባው በሃምሳ ምስማር የተመታ ነበር። ሁለት ቀን ፈጀባቸው። ሲገጥሙት ግን አቀማመጡን ያዘዘችው ጆሮ ነች። ቁም ሳጥኑን ግድግዳው ላይ አላስለጠፈችውም፤ ከአንዱ ጥግ ፊት ለፊት ሰያፍ አቆመችው። ያኔ ኪዩቡ ኪዩብነቱ ቀረ፣ ጉርምርምታ የሚጠራቀምበት ጥግም በአርባ ዓመት ካፖርት ተደፈነ። መስታወት ድምፅ ይመልሳልና ነቅላ በአማቷ መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። ሁለቱን የዳር በሮች እንደ ክንፍ ከፈተቻቸው፤ በመካከላቸው ወንበሯን አኖረች፣ ፊቷ ወደ ልብሱ፣ ማይክሮፎኑ በእሷና በልብሱ መካከል። ከጀርባዋ ከጣሪያ በተወጠረ ሽቦ ላይ ድርብ ብርድ ልብስ አንጠለጠለች። ኮምፒውተሩ ሲሠራ ስለሚተነፍስ ኮሪደር ላይ አስቀምጠው ገመዱን መምህሩ በበሳው ቀዳዳ አሳለፉት። መስኮቱን በአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ የታጨቀ የእንጨት ፍሬም ደፈነው፣ የበሩን ዙሪያ በጎማ ጠቀጠቁት። ቀዳዳውም ፍሬሙም መምህሩ በእጁ ሠርቶ የጨረሳቸው ነገሮች ናቸው፤ ጆሮ በልቧ አጨበጨበችለት። እሱ ግን የቁም ሳጥኑን ሰያፍነት ባየ ቁጥር ጥርሱን እንዳመመው ሰው ፊቱን ያጨማድዳል።

በዚህ መሀል ከታናሽየዋ ምንም መልስ አልመጣም። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አምስት ቀን። አማቷ ጆሮን በሰዓት አራት ጊዜ ይጠይቃሉ። «አልደረሳት ይሆናል።» «ደርሷታል እማማ፣ አዳምጠዋል።» «ታዲያ ምን ትጠብቃለች? እንድሞትላት ነው?» በስድስተኛው ቀን ማጉረምረሙም ቀርቶ ዝም አሉ፤ ዝምታቸው ደግሞ ከጩኸታቸው ይልቅ ቤቱን አስጨነቀው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጆሮ ስቱዲዮዋ ውስጥ ገብታ ናሙናውን ቀረጸች። ግማሽ ሰዓት ያለማቋረጥ አነበበች፤ የአውቶቡሱም ጥሩንባ፣ የኩሽናውም ኳኳታ ዝር አላለም። በመጨረሻ በሩን ስትከፍት ግን ቤቱ በጩኸት ተናግቷል። ኮሪደሩ ላይ አንድ ትልቅ ሻንጣ ተገትሯል። ሳሎኑ ውስጥ አማቷና አንዲት ቀጠን ያሉ፣ ጥቁር ሻርፕ የጠመጠሙ አሮጊት አፍ ለአፍ ገጥመዋል። መምህሩ ከኩሽናው በር ኋላ አንገቱን ብቻ አስግጓል።

«አክስቴ ናት» አለ በሹክሹክታ። «ከመጣች ሃያ ደቂቃ ሆናት። አልሰማሽም?»

አልሰማችም። ጆሮ በሕይወቷ ካልሰማቻቸው ነገሮች ሁሉ እንደዚህ ያኮራት የለም።

ታናሽየዋ ዞር ብለው አዩአት። «አንቺ ነሽ ይቺን ሴት ቆርጠሽ የላክሽልኝ?»

«እኔ ነኝ፣ እንደምን ዋሉ…»

«እንዴት እውላለሁ! እህቴ አርባ አንድ ሰከንድ ሙሉ አንድ ስድብ ሳይወጣት! ሰባ ዓመት አውቃታለሁ፣ በቃ ልትሞት ነው አልኩ። ለሐኪም ቀጠሮዬ እንኳን ሳልሄድ ቤቴን ዘግቼ፣ ጎረቤት ተሰናብቼ፣ ለቀብሩ ጥቁር ልብሴን አስተኩሼ መጣሁ። ስገባ ምን ስትሠራ አገኘኋት? ቆማ ምንጣፍ ስታራግፍ!»

«ተኝቼ ብትደርሺ ደስ ይልሽ ነበር!» አሉ አማቷ።

«ቢያንስ ድካሜ በከንቱ አይቀርም ነበር!»

«እንግዲያው ተመለሺ፣ ስሞት እልክብሻለሁ!»

«ስትሞቺ እንዴት አድርገሽ ነው የምትልኪው? በዚህች ልጅ ማሽን?» ታናሽየዋ እንደገና ወደ ጆሮ ዞሩ። «ስሚ ልጄ። ሙሉውን አሰሚኝ። የቆረጥሽውን።»

«ጠፍቷል» አሉ አማቷ ፈጠን ብለው። «አጥፊው ብያት ነበር።»

ጆሮ ወለሉን ማየት ጀመረች።

«አጥፍተሽዋል አይደል?»

«የድምፅ ሰው ዋናውን ቅጂ አያጠፋም እማማ።»

«እባብ!» አሉ አማቷ። ነገር ግን እህታቸው ወደ ስቱዲዮው ሲያመሩ አልከለከሏቸውም፤ እንዲያውም ተከተሏቸው።

ማዳመጫው አንድ ብቻ ስለሆነ ጆሮ ወደ ጎን ለጠጠችውና እያንዳንዳቸው አንዱን ጎን ጆሯቸው ላይ ያዙ። ሁለቱ አሮጊቶች በካፖርቶቹ መሀል ጉንጭ ለጉንጭ ተጣብቀው ቆሙ። ጆሮ ከፈተችው። «አፍሽ ፊትሽን በልቶት» የሚለው ጋ ታናሽየዋ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «አዎ፣ ይቺ እህቴ ናት» አሉ በእፎይታ። የሶፋው ጨርቅ ጋ ሲደርስ ሳቅ አፈናቸው፣ የቁም ሳጥኑን በር ይዘው እስኪንጠለጠሉ ሳቁ። አማቷም መጀመሪያ ኮስተር፣ ቀጥሎ ፈገግ፣ ከዚያ ተከትለው ፈነዱ።

መጨረሻው መጣ። ጨለማው፣ እጁ፣ ቆጠራው። ታናሽየዋ ሳቃቸውን አቆሙ። የተሰቀሉትን ልብሶች በእጃቸው ዳሰሱ።

«ትዋሻለች» አሉ በቀጭን ድምፅ። «ጨለማ የምትፈራው እሷ ነበረች። እኔ ነኝ የምቆጥርላት።»

«እኔ?»

«አንቺ! ሺህ የት ደርሼ፣ ሁለት መቶ ላይ ነበር የምታንኮራፊው!»

«እኔ አላንኮራፋም!»

«ታዲያ ይቺ ልጅ ትቅረጽሽና እናያለን!»

ጆሮ ቀስ ብላ ወጥታ በሩን ዘጋችባቸው። ኮሪደሩ ላይ መምህሩ ጆሮውን በሩ ላይ ለጥፎ ቆሟል።

«እየተጣሉ ነው?» አላት።

«ምንም አይሰማህም?»

«ምንም።»

«እንግዲያው ጥሩ ሠርተነዋል።»

አንድ ሰዓት ቆይተው ወጡ። ከፋይ ቀሚሱ በአማቷ ክንድ ላይ ነበር። ታናሽየዋ «ለመጋረጃ እንኳን ቀለሙ አይሆንም» ብለው ዳግመኛ የፈረዱበት ቢሆንም ጎኑን ጠበብ ቢያደርጉት ይለበሳል የሚል ስምምነት ላይ ደርሰዋል። ሻንጣቸውንም ይፍቱ ተባለ። የቤቱ ልብስ መስቀያ አሁን ስቱዲዮው ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የታናሽየዋም ሱፍ ካፖርት፣ ወፍራም ሹራቦችና ለቀብር የተተኮሰው ጥቁር ልብስ እዚያው ተሰቀለ።

ጆሮ በማግስቱ ከሁለት ሰዓት በኋላ ገብታ እንደ ልማዷ አጨበጨበች። ቆም ብላ አዳመጠች። ደግማ አጨበጨበች። በትላንቱ ናሙና ውስጥ ከታች ትንሽ ይቀር የነበረው ጉርምርምታ የለም። ናሙናውን ከመጀመሪያ ደግማ አነበበችው፤ ቀነ ገደቡ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው ላከችው።

የአርታኢዋ መልስ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ውሉ ተያይዟል፤ መጽሐፉ የእሷ ነው። «ምን ያህል ባለሙያ እንዳሠሩት አንጠይቅም፣ ነገር ግን እንዲህ ያለ ንጹሕ ቅጂ ከግል ቤት መጥቶልን አያውቅም» ይላል። ጆሮ መልእክቱን ሳሎን ሄዳ ጮክ ብላ አነበበችላቸው። መምህሩ ተነሥቶ ሳማት፣ ወዲያውም በደስታ ከአክስቱ ልብሶች የትኛው ጉርምርምታውን እንደበላው አንድ በአንድ እያወረዱ ለመለካት ሐሳብ አቀረበ።

«ማንም ልብሴን አይለካም» አሉ ታናሽየዋ።

«አክስቴ፣ ለሳይንስ እኮ ነው።»

«እትዬ» አለች ጆሮ ፈጠን ብላ፤ ወደሚያስጨንቃት ነገር ገባች። «መቼ ነው ወደ ቤትዎ የሚመለሱት?»

«እሑድ። ምነው፣ ቸኮልሽ?»

«እርስዎ ይሂዱ፣ ልብስዎ ቢቆይልኝ ብዬ ነው። መጽሐፉ እስኪያልቅ። አንድ ወር።»

አማቷ የመስኮቱን መጋረጃ ማስተካከል ጀመሩ፤ መጋረጃው ምንም አልሆነም ነበር።

«እኔ ራቁቴን በአውቶቡስ ልሄድ ነው?» አሉ ታናሽየዋ። እህታቸውን በጎን አዩአቸው። «ልብሴ ከቆየማ እኔስ ምን ምርጫ አለኝ? ግን በስተግራ በኩል ያለውን አልጋ ነው የምፈልገው።»

«የግራው የእኔ ነው!» አሉ አማቷ፤ ፊታቸው ግን ወለል ብሎ በርቶ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሥራ ተጀመረ፤ ማለትም ሊጀመር ነበር። ልብስ የሚመረጥበት ሰዓት ለአንድ ሰው ነበር የተመደበው። አሁን ግን ሁለት ሆነው እየገቡ፣ አንዷ የመረጠችውን ሌላዋ እያጣጣለች ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ። ጆሮ መጽሐፏን በብብቷ ይዛ፣ ለጉሮሮዋ ለብ ያለ ውሃ በብርጭቆ ቀድታ በሩ ላይ ቆመች። በመጨረሻ አንዷ የሌላዋን ሹራብ ለብሰው ወጡ። ገባች። ወንበሯን ሁለት ጣት ወደ ካፖርቶቹ አስጠጋች፣ ማዳመጫውን አጠለቀች፣ ቀዩን መብራት አበራችና ምዕራፍ አንድን ጀመረች።